ባለዕዳና ፈጣሪው በባሌ ደጋ

የመኸሩ ስንዴ በኮምባይነር ታጭዶና ተወቅቶ፥ በጆንያ ተሞልቶ፥ ከሲናና፥ ከአጋርፋ፥ ከጋሰራና ከጎሮ በአይሱዙና በጋሪ እየተጫነ ወደ ሮቤ በሚጎርፍበት በታኅሣሥ ወር፥ በከተማይቱ የእህል መጋዘኖች ደጃፍ ጥቂት ቆም ብሎ የሚመለከት ሰው ሁለት ዐይነት ሻጭ ያያል። አንደኛው ዋጋ ጠይቆ፥ ከመጋዘን ወደ መጋዘን ተዘዋውሮ፥ ከደላላ ጋር ተከራክሮና ተቆጥቶ፥ ሄዶም ተመልሶ የሚሸጥ ነው። ሁለተኛው ግን ዋጋ አይጠይቅም፤ ጆንያውን ከጋሪው አውርዶ ወደ ሚዛኑ ይገፋል፥ ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ብቻ ይመለከታል፥ ነጋዴውም ከኮቱ ኪስ ያወጣውን ጫፉ የተላጠ ደብተር ገልጦ ከአንድ ስም ትይዩ ምልክት ያደርጋል፤ ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አይታይም።

ከእነዚህ ከሁለተኞቹ አንዱ፥ ነጭ ጥምጣም ያደረጉ፥ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ላይ ያጣፉ አዛውንት፥ የመጨረሻው ጆንያ ከሚዛኑ ሲወርድ «ስንት ቀረብኝ?» ብለው ጠየቁ። ነጋዴው ከልጃቸው ዕድሜ የማይበልጥ ጐልማሳ ነበርና በአክብሮት ዝቅ ብሎ፥ «ሐጂ፥ አራት ኩንታል ብቻ ነው የቀረብዎ፤ እርሱም ቢሆን አያስቸኩልም፥ የበልጉ ሲደርስ ያመጡታል» አላቸው። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም ልጄ፤ ሞት አለ። ከነገ ወዲያ ይመጣልሃል» ብለው፥ ባዶውን ጆንያ አጣጥፈው በብብታቸው ያዙና ወደ ጋሪያቸው ሄዱ።

አራቱ ኩንታል የምን ዕዳ ነው ቢባል፥ ብድር እንዳልሆነ ገበሬውም ነጋዴውም ይምላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጎተራው በሚራቆትበት፥ የመኸሩም ማሳ ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት በሚጠይቅበት በሐምሌ ወር፥ ነጋዴው ገና ያልበቀለውን ስንዴ በኩንታል ዋጋ ቆርጦ ይገዛል፥ ገንዘቡንም ወዲያውኑ ይቆጥራል፤ ገበሬው በታኅሣሥ እህሉን ያስረክባል። ለምሳሌ ያህል ኩንታሉ በ3,000 ብር ተቆርጦ 10 ኩንታል ቢሸጥ ገበሬው በሐምሌ 30,000 ብር ይቀበላል፤ በታኅሣሥ የገበያው ዋጋ 4,200 ብር ቢሆን ያስረከበው እህል 42,000 ብር ያወጣል። በአምስት ወር ውስጥ 12,000 ብር፥ ይኸውም ከመቶ 40፥ ከእጁ ወጣ ማለት ነው። ይህን ያህል ወለድ በግልጽ የሚጠይቅ ባንክ በኢትዮጵያ ምድር የለም፤ ቢኖርም ሐጂው በደጃፉ አያልፉም ነበር።

ይሁን እንጂ የአዛውንቱ ኅሊና ንጹሕ ነው፥ በሸሪዓው ሚዛን ቢመዘኑም አልተሳሳቱም። ቁርኣን በሁለተኛው ምዕራፉ፥ በአል-በቀራ፥ ከቁጥር 275 ጀምሮ ንግድን ፈቅዶ ሪባን፥ ማለት ወለድን፥ በብርቱ ይከለክላል፤ የእስልምና የሕግ ሊቃውንትም የእህሉ ዐይነት፥ መጠንና የመረከቢያው ቀን ታውቆ ዋጋው በሙሉ አስቀድሞ ከተከፈለ፥ ሰለም የሚሉት ይህ ሽያጭ የተፈቀደ ንግድ እንደሆነ አጽድቀዋል። ያው ምዕራፍ በቁጥር 280 የተቸገረ ባለዕዳ እጁ እስኪላላ ጊዜ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ከመጽሐፉ አንቀጾች ሁሉ ረዥሙ የሆነው ቁጥር 282 ደግሞ ዕዳ በጽሑፍና በምስክር እንዲጸና ይደነግጋል። ዘካ ከሚገባቸው 8 ወገኖች አንዱም ባለዕዳ ነው። በሐዲስ እንደተመዘገበው ነቢዩ ሙሐመድ የባለዕዳ ሰው አስከሬን በቀረበላቸው ጊዜ፥ ዕዳውን የሚሸከምለት ሰው እስኪገኝ ድረስ ራሳቸው በላዩ ከመስገድ ተቆጥበዋል፤ ዛሬም በሙስሊሙ ቀብር ላይ የሟቹ ወገን ቆሞ «ከሟቹ የሚፈልግ ካለ ወደ እኛ ይምጣ» ሲል ይሰማል። «ሞት አለ» ያሉት አዛውንት የተናገሩት ስለዚህ ቀን ነው።

ስለ ሃይማኖትና ስለ ገንዘብ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አማኝ ሰው ከዕዳ ይርቃል፥ ወይም በተቃራኒው በእምነቱ ምክንያት ይደኸያል ብለው ከሁለቱ አንዱን መፍረድ ይወዳሉ። በባሌ ደጋ ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ግን ሃይማኖት ከዚህ ረቀቅ ያለ ሥራ ሲሠራ ይታያል፤ ዕዳን ፈጽሞ አያስቀርም፥ ይልቁንም የትኛው ዕዳ ዕዳ እንደሚባል፥ የትኛው እንደማይባል፥ የትኛው አስቀድሞ፥ የትኛው በመጨረሻ እንደሚከፈል ይወስናል። የገንዘብ ዋጋ በአንድ በር ሲከለከል በሌላ በር ይገባል፤ የሚገባበትም በር ብዙ ጊዜ ከተከለከለው የጠበበና ድኻውን የሚልጥ ነው።

ይህን የምንለው ስለ እስልምና ብቻ አይደለም። ወለድን በመኰነን ረገድ ክርስትናው ከእስልምናው ቀድሟል። ኦሪት ዘፀአት በ22ኛው ምዕራፍ፥ ዘዳግምም በ23ኛው፥ ከወንድም አራጣ መውሰድን ይከለክላሉ፤ ዳዊትም በ14ኛው መዝሙሩ በእግዚአብሔር መቅደስ የሚያድረውን ሰው ጠባይ ሲዘረዝር ገንዘቡን በአራጣ አለማበደርን ከምግባሩ ቈጥሮታል። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ርቱዓነ ሃይማኖት፥ አርዮስን ያወገዙበትን ያንኑ ጉባኤ ሲፈጽሙ በ17ኛው ቀኖናቸው አራጣ የሚበላ ካህን ከክህነቱ እንዲሻር ወስነዋል። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ለዘመናት የዳኙበት ፍትሐ ነገሥትም በብድር ነገር ላይ የሚያስተምረው ከዚህ አይርቅም። ዓለማዊው ሕግ እንኳ የዚህን ትውፊት ሽታ ይዟል፤ የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ገድቧል፥ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም አራጣን በአንቀጽ 712 ወንጀል አድርጎታል። ይህ ሁሉ ሳለ በአዲስ አበባ ለፍርድ ከቀረቡት ታላላቅ አራጣ አበዳሪዎች አንዱን ሕዝቡ «ዎርልድ ባንክ»፥ ሌላውን «አይ ኤም ኤፍ» ብሎ ይጠራቸው እንደነበር የማያስታውስ የጋዜጣ አንባቢ ጥቂት ነው። ቀኖናው ነበረ፥ ሕጉም ነበረ፤ ተበዳሪው ግን ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም።

ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሲጓዙ፥ ከሳነቴ አምባ በሚወርደው ብርድ ሥር ጎባ ትገኛለች። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የምኒልክ ሠራዊት ባሌን ከያዘ በኋላ እንደ ጦር ሰፈር ያደገች፥ ኋላም የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች ናትና የቤተ ክርስቲያንዋ ደወልና የመስጊድዋ አዛን ከሮቤ ይልቅ በእኩል ድምፅ ይሰሙባታል። እዚህ የኦርቶዶክሱ ምእመን ወለድን እንደ ሙስሊሙ ጎረቤቱ አይፈራም፤ ከባንክም፥ ከብድርና ቁጠባም፥ ከማኅበርም ይበደራል። እርሱን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው።

አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት፥ አርባው ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፥ ከንስሐ አባትዋ ጋር በግቢዋ በመደብ ላይ ተቀምጣ ሳለ፥ የእኅትዋ ልጅ ከተማሪ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ የጻፈውን ዝርዝር ያነብላት ነበር። አንድ በሬ፤ ለጠላው ገብስና ጌሾ፤ በጎባ ብርድ የማይበቅል ስለሆነ ከቈላው የሚመጣ ጤፍ፤ በርበሬ፤ ቅቤ፤ ሽንኩርት፤ ከእድር የሚወሰድ ድንኳንና ብረት ድስት፤ ለካህናት የሚቀርብ። ልጁ ከእያንዳንዱ ትይዩ ዋጋ ጽፎ፥ ከታች ደምሮ፥ ድምሩን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ቄሱ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ «ልጄ፥ ለነፍሱ የሚያስፈልገው ጸሎትና ምጽዋት ነው፤ ቅዳሴው ይቀደስለት፥ ፍትሐቱ ይድረስለት፥ ለነዳያን ዳቦ ቢቈረስ ይበቃል» አሏት። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፍዋ ሰብስባ፥ «አባ፥ እርስዎ እንዲህ ይሉኛል፤ ሰው ግን ምን ይለኛል? ባሏን እንደ ውሻ ቀበረችው ይሉኛል እኮ» አለች። ቄሱም መልስ አልሰጡም። ተዝካሩ ወጣ፤ ባልዋ ትቶላት ከሄደው የገብስ ማሳ እኩሌታው ለሁለት ዓመት በኮንትራት ተሰጠ፥ የኮንትራቱም ገንዘብ በአንድ ቀን ተበላ።

በዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልሰንዝር። ተዝካርን የሚነቅፉ ሰዎች ነቀፌታቸውን በሴቶቹ ከንቱ ውዳሴ ላይ ማውረድ ይቀናቸዋል፤ ይህ ግፍ ነው። ድግሱን የሚበላው ሰው፥ ድግሱ ሲያንስ የሚያማው ሰው፥ ከድግሱም ድርሻ ያለው አገልጋይ ሁሉ የዕዳው ተካፋይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ለሙታን የሚያዝዘው ጸሎት፥ መሥዋዕትና ምጽዋት መሆኑን ደብተራውም ቄሱም ያውቃል፤ ነገር ግን በመደብ ላይ ለአንዲት ኀዘንተኛ በሹክሹክታ የሚነገር ትምህርት፥ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ለሕዝብ ከሚነገረው ጋር እኩል ጉልበት የለውም። ምንም እንኳ በጎባው ግቢ የተናገሩት ቄስ እውነቱን ቢናገሩ፥ የሰሙት አንዲት ሴትና አንድ ልጅ ብቻ ናቸው።

ወደ አከፋፈሉ ተራ እንመለስ። በዚህ አገር ብዙ ዕዳ የተደራረበበት ሰው እጁ ላይ ጥቂት ብር ሲገባ አስቀድሞ የሚከፍለው ስለቱን ነው። ክርስቲያኑ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለውን ጃንጥላ ወይም ገንዘብ ታኅሣሥ 19 ሳያደርስ አይቀርም፤ ሙስሊሙ ደግሞ በምሥራቅ ባሌ ወዳለው ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን፥ በ13ኛው ምዕት ዓመት ነበሩ ወደሚባሉት ወደ ታላቁ ወሊይ መቃብር፥ በዙልሒጃ ወር ከሚጓዘው ሕዝብ ጋር ወረጋውን፥ ማለት ስለቱን፥ ይዞ ይሄዳል፤ መንታ ጫፍ ያለውን በትራቸውን የያዙት፥ ጋሪባ የሚባሉት ተጓዦች በየመንደሩ እያዜሙ ሲያልፉም የተሳለውን እንዲያስታውሰው የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። ከስለቱ ቀጥሎ የእድሩ መዋጮ ይከፈላል፥ እድር የከዳ ሰው ሬሳው ይጎተታልና። ቀጥሎ ዘመድ፥ ቀጥሎ ነጋዴው፤ የመንግሥትና የባንክ ዕዳ ከሁሉ በኋላ ይመጣል። ከከተማ የመጣ የብድር ሠራተኛ ይህን ሲያይ ገበሬው ዕዳውን ንቆ ለድግስና ለጉዞ ገንዘብ ያባክናል ይላል። ነገር ግን ባንኩ የሚልከው ደብዳቤ ነው፤ ቅዱሱ ግን ከብቱንና ልጁን የሚጠብቅ ነው።

ከዚህም በላይ በስለት ውስጥ አንድ ብልሃት አለ። ስለት የሚከፈለው የተለመነው ሲፈጸም ብቻ ነው። ማሳው በበረዶ ቢደበደብ፥ ስንዴውም ሊታጨድ ሲል ባልታሰበ ዝናብ ቢበሰብስ፥ ቅዱሱ በኪሳራው ዓመት ምንም አይጠይቅም፤ በጥጋብ ዓመት ብቻ ይቀበላል። ኪሳራን ከገበሬው ጋር የሚካፈል አበዳሪ በባሌ ደጋ ከቅዱሳኑ በቀር አልተገኘም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መንግሥት ያበደረው ማዳበሪያ ግን ዝናብም ዋግም አያውቅም።

የመንግሥት ዕዳ በባሌ መራራ ታሪክ አለው። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በዋቆ ጉቱ መሪነት የተነሣው የባሌ ገበሬዎች ዐመፅ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ የግብር ውዝፍ ነበር፤ መሬቱ ተለክቶ ገበሬው ሊሸከም የማይችለው ግብር ተጣለበት፥ ግብሩ ሲወዘፍም መሬቱ እየተወሰደ ለሌላ ተሰጠ። ዐመፁ በተነሣበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1963፥ በግብፅ በሚት ገምር ከተማ አሕመድ አል-ነጃር የተባለ ወጣት የምጣኔ ሀብት ሊቅ ለገበሬዎች ያለ ወለድ የሚሠራ የቁጠባ ባንክ ከፈተ፤ ማሌዥያም ለሐጅ ተጓዦች የሚያስቀምጡበትን ከወለድ የራቀ ተቋም በዚሁ ዘመን መሠረተች። የሚት ገምሩ ባንክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘጋ፥ ሐሳቡ ግን ዓለምን ዞረ። ባሌ እስኪደርስ ግማሽ ምዕት ዓመት ወሰደበት።

በዚህ መካከል ያለው ዘመን ለሙስሊሙ ገበሬ የፈተና ዘመን ነው። በ1987 ዓ.ም. ገደማ የተስፋፋው የግብርና ኤክስቴንሽን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሲያድል፥ ወለድ ስላለበት አንነካም ያሉ ገበሬዎች በባሌ፥ በሐረርጌና በወሎ ብዙ ነበሩ። የወሰዱት ምርታቸው ጨመረ፤ ያልወሰዱት በአሮጌው መጠን ቀሩ፥ የግብርና ሠራተኞችም «ኋላ ቀር» አሏቸው። ቀጥሎ ግን ከ1993 እስከ 1994 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የእህል ዋጋ በአገሪቱ ሲወድቅ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ በሬውን ሸጠ፥ በየቦታውም የታሰረ ነበረ። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ኩብሳን የመሰለውን ታዋቂ የስንዴ ዝርያ አጠቃው፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዲገሉ የተባለው፥ ቢጫ ዋግን ስለቻለ ገበሬው የወደደው ዝርያ፥ በግንድ ዋግ ሲመታ በሽታው ከበረታባቸው አገሮች ፊተኛይቱ ባሌ ነበረች። በእነዚህ ዓመታት ወለድ አልነካም ያለው ገበሬ እንደ ጎረቤቱ ምርቱን አጣ፤ ነገር ግን የሚያሳድደው ዕዳ አልነበረበትም። ያ ኋላ ቀር የተባለው ሰው በክፉው ዓመት በሬው በበረቱ ነበረ። እንግዲህ ክልከላው በደጉ ዓመት ድኽነትን፥ በክፉው ዓመት ደግሞ ጋሻን ሰጥቶታል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚመዝን የሚያውቀው በሬ ሸጦ የሚያውቅ ሰው ነው።

ባንኮቹ ቀስ ብለው መጡ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 ለብሔራዊ ባንክ ስለ ወለድ አልባ አገልግሎት መመሪያ እንዲያወጣ በር ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው መመሪያ ግን አገልግሎቱ በነባሮቹ ባንኮች ውስጥ በመስኮት ብቻ እንዲሰጥ ስለ ወሰነ፥ ያን ጊዜ በምሥረታ ላይ የነበረው ዘምዘም ባንክ ሳይወለድ ቀረ። ኦሮሚያ ኢንተርናሽናል ባንክ፥ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ሌሎችም መስኮቶቻቸውን ከፈቱ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በረመዳን የአፍጥር ግብዣ ላይ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ መፈቀዱን ተናገሩ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ሥራ ጀመረ፥ ሂጅራ፥ ራሚስና ሸበሌ ተከተሉት። ወለድ አልባ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ዛሬ በሮቤ ዋና መንገድ ላይ ለዓይን እንግዳ አይደለም።

አሠራሩ ሙራበሓ ይባላል። ባንኩ ገንዘብ አያበድርም፤ ገበሬው የሚፈልገውን ትራክተር ወይም ማዳበሪያ ራሱ ገዝቶ፥ ትርፉን አሳውቆ፥ በጊዜ በሚከፈል ዋጋ መልሶ ይሸጥለታል። «ታዲያ ያው አይደለም እንዴ?» ብለው የሚጠይቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ ጥያቄያቸውም አይናቅም። ልዩነቱ ዋጋው አንድ ጊዜ ከተቈረጠ በኋላ በመዘግየት ምክንያት አለመጨመሩ ነው፤ ቅጣት ቢኖር እንኳ ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ የባንኩ ትርፍ አይሆንም። በወለድ ላይ ወለድ ለተቆጠረበት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነቀፌታው ከሌላ በኩል ነው። የምእመናኑ ተቀማጭ ገንዘብ በፍጥነት እያደገ ሲሄድ ለእነርሱ መልሶ የሚሰጠው ፋይናንስ እጅግ ኋላ ቀርቷል። ድኻው ለአምላኩ ሲል ወለዱን ትቶ ያስቀመጠው ገንዘብ በከተማ ያለውን አስመጪ ሲያገለግል፥ ገበሬው በሐምሌ ተመልሶ ወደ ባለደብተሩ ነጋዴ ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባንኩ የቤት ካርታ መያዣ ይጠይቃል፥ ገበሬው ያለው የመሬት መጠቀሚያ መብት ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል የገጠር መሬት አዋጅ ይህን መብት ለብድር መያዣ ማድረግን ፈቅዷል፤ አዋጁ ከወረቀት ወደ ሮቤ ቅርንጫፎች ጠረጴዛ እስኪወርድ ግን ሌላ ትግል አለ።

የገንዘቡ ራሱ መርከስ ደግሞ ነገሩን አወሳስቦታል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ በሆነበት ጊዜ፥ ከመቶ 7 ወለድ የሚቀበለውም ከወለድ የራቀውም አስቀማጭ ሁለቱም ከሰሩ። ይበልጥ የተጎዳው ግን ቀርድ ሐሰን፥ ይኸውም ያለ ትርፍ ለአላህ ብሎ የሚሰጥ ብድር ነው። ለወንድሙ 50,000 ብር አበድሮ ከዓመት በኋላ ያንኑ 50,000 የተቀበለ ሰው፥ የሚገዛበት ማዳበሪያ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ሲያገኘው፥ ደግነቱ እንዳከሰረው ያያል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ 57 ብር የነበረው ዶላር መቶን አልፏል። ስለዚህም በደጋው አስተዋይ ሰዎች በብር ማበደርን ትተው በስንዴ ያበድራሉ፤ አምስት ኩንታል ሰጥተው አምስት ኩንታል ይቀበላሉ፥ ሸሪዓውም በዐይነቱና በመጠኑ የተመለሰን እህል አይነቅፍም። ማዕከላዊ ባንክ ያጣውን የጸና መለኪያ የሲናና ገበሬ በጎተራው አገኘው ማለት ይቻላል።

ስለ ጴንጤቈስጤው ወገን በአጭሩ ልናገር። አሥራት የቈየ ትምህርት ነው፥ በመጠኑ የሚሰጥ ሰውም አይጎዳም፤ ነገር ግን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ነቢይ ነን ባዮች «ዘር ዝራ፥ ዕዳህ ይሰረዛል» እያሉ የባለዕዳውን የመጨረሻ ብር ሲሰበስቡ ዝም ማለት አይገባም። ስለቱ ተስፋው ከተፈጸመ በኋላ ይከፈላል፤ ይህ ግን ክፍያውን አስቀድሞ ተስፋውን ለሰማይ ይተዋል።

የሃይማኖት ሕግ በገበያ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚያጋጥመው ከእኛ አስቀድመው ያወቁት አይሁድ ናቸው። ኦሪት ዘዳግም በ15ኛው ምዕራፍ በየሰባተኛው ዓመት ዕዳ ሁሉ እንዲሰረዝ አዝዛ፥ ዓመቱ ሲቃረብ ድኻን ላለማበደር ልብህን አታክፋ ብላም አስጠንቅቃ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው አልበጀም፥ ሰባተኛው ዓመት ሲቃረብ ባለጸጎች እጃቸውን ሰበሰቡ። ከክርስቶስ ልደት ጥቂት ዘመን ቀደም ብሎ የነበረው ሊቁ ሂሌል ይህን ባየ ጊዜ ትእዛዙን አልሻረም፤ ዕዳው በፍርድ ቤት እጅ ገብቶ እንዲጸና የሚያደርግ፥ ፕሮዝቡል የሚባል የጽሑፍ ሥርዐት አቆመ፥ ለድኻውም የብድር በር እንደገና ተከፈተ። ሕጉን ያከበረ ሰው ሕጉ የሚኖርበትን ቤት መሥራት እንደሚገባው የገባው ሊቅ ነበር።

የባሌ ኡለማና የጎባ ካህናት ይህን ሥራ መሥራት ይችላሉ፤ አሁን የሚሠሩት ግን እኩሌታውን ነው። ኡለማው ሪባን ሲያወግዝ ልክ ነው፤ ነገር ግን በሐምሌ በ3,000 ተቈርጦ በታኅሣሥ 4,200 የሚያወጣውን ሰለም ሕጋዊ ነው ብሎ ብቻ ማለፍ አይበቃውም፥ የተቸገረውን ሰው ጠምዝዞ መግዛትን ሸሪዓውም አይወደውምና ለዋጋው ልክ ሊያበጅለት፥ ከመስጊዱ ዘካም ለባለዕዳ የተመደበውን ክፍል ለባለዕዳ ሊያደርስ ይገባዋል። ካህኑም በመደብ ላይ የተናገረውን በዐውደ ምሕረት ይናገር፤ እድሮቹም የተዝካርን ድግስ በመተዳደሪያ ደንባቸው ይወስኑ፥ ያኔ «ሰው ምን ይለኛል» የምትለው ሴት የምትመልሰው ቃል ታገኛለች። የወለድ አልባ ባንኮች ሥራ አስኪያጆችን ግን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። በባሌ ደጋ የመኸሩ ማዳበሪያ የሚገዛው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ በመስከረም የሚጸድቅ ሙራበሓ ለማንም አይጠቅምም፥ ባለደብተሩ ነጋዴ ያን ጊዜ እህሉን ገዝቶ ጨርሷልና።